ፍጻሜውን የምታውቅ ሴት፦ የጊዜ ጉዞ ድራማና ታሪክን የመለወጥ ጣጣ

የጊዜ ጉዞ ድራማ የዛሬ ሰው ድንገት ድሮ ዘመን ላይ ሲገኝ የሚሆነውን የሚተርክ ተከታታይ ነው። በቻይናውና በኮሪያው ብዙ ጊዜ የምትሄደው ሴት ናት። ውሃ ውስጥ ትሰምጣለች ወይ መኪና ይገጫታል፤ ስትነቃ ቤተ መንግሥት ናት። ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ፍላሽ ይዛችሁ ፊልም የሚጭን ሱቅ ጎራ ካላችሁ የኮሪያ ድራማ ከነአማርኛ ትርጉሙ አይጠፋም። ሰው ሲያወራ የሚያወራው ስለ ፍቅሩ ነው። እኔን የሚይዘኝ ግን የልጅቷ ሸክም ነው። ማን እንደሚነግሥ፣ ማን እንደሚሞት ታውቃለች። ትናገር ወይስ ዝም ትበል?

ከሁሉም የሚታወቀው «ቡ ቡ ጂንግ ሺን» የሚባለው የቻይና ድራማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 35 ክፍል ያለው። ሩኦሺ የምትባለው ልጅ ንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን ላይ ትነቃለች። የንጉሡ ልጆች ለዙፋኑ ይሻኮታሉ፤ እሷ አሸናፊው አራተኛው ልዑል እንደሆነ ከታሪክ መጽሐፍ ታውቃለች። የምትወደው ግን ስምንተኛውን ነው። ስለዚህ ከአራተኛው ተጠንቀቅ ትለዋለች፣ የአራተኛውን ሰዎችም በስም ትዘረዝርለታለች። በፍቅር ነው ያደረገችው። ከዓመታት በኋላ ግን ነገሩ ይገባታል። ስምንተኛው አራተኛውን ለመምታት የተነሳው በእሷ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዚያ መዘዝ ወዳጇ አሥራ ሦስተኛው ልዑል ጥፋቱን በራሱ ላይ ወስዶ 10 ዓመት በግዞት ተዘግቶበታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ማለት ይሄ ነው። ታሪክ እንዳይበላሽ ስትፈራ የኖረችው ልጅ ለካ ታሪኩን ስትሠራ ነበር።

ይህን ክፍል ፍኖተ ሰላም ከአክስቴ ጋር ነው ያየሁት። ቶናውን እየቀዳች ነበር። ልጅቷ ነገሩ ሲገባት አክስቴ ጀበናውን እንዳዘነበለች ቀረች፤ ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ ፈሰሰ። «እና ምን ታድርግ? የምትወደውን ሰው ሲገድሉት ዝም ብላ ትይ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

የኮሪያው ቅጂ «ሙን ላቨርስ» እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ፣ ጎርዮ የሚባለው ሥርወ መንግሥት ላይ። እዚህ ጥያቄው ሌላ ነው። ከዛሬ ዘመን የሄደችው ሄ ሱ የምትፈራው ልዑሉን ዋንግ ሶን ነው፤ ነግሦ ጉዋንግጆንግ ሲባል ወንድሞቹን እንደሚገድል ሰምታለችና። ገና ያላደረገውን ነገር እያሰበች ትሸሸዋለች። ሰውን ባልሠራው ኃጢአት መፍረድ ተገቢ ነው? እውነተኛው ጉዋንግጆንግ ደግሞ ከ949 እስከ 975 የገዛ፣ ደም ያፈሰሰ፣ ያለ አግባብ ባሪያ የተደረጉትን ነፃ ያወጣ ንጉሥ ነው። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የኮሪያ ድራማ «ፌይዝ» የምትሄደው ቀዶ ጥገና ሐኪም ናት። ማን መሆኑን ሳታውቅ የአንድ ወጣት ሕይወት ታድናለች፤ ልጁ ዪ ሶንግ ጌ ነው። የምትወደውን ጄኔራል ቾይ ዮንግን በ1388 የሚያስገድለው፣ በ1392 ደግሞ የጆሶንን ሥርወ መንግሥት የሚመሠርተው እሱ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ሐኪሟ አልተሳሳተችም። ፊቷ የተኛው በሽተኛ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የዘር ሐረግ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛው ድራማ «አውትላንደር» ነርሷ ክሌር ከ1945 ወደ 1743 ትሄዳለች። በ1746 ኩሎደን ላይ የስኮትላንድ ሰዎች እንደሚያልቁ እያወቀች ጦርነቱን ማስቀረት ያቅታታል። እዚያ ያገባችውን ጄሚንም ራሱን ያሠቃየውን ጨካኝ መኮንን ለአንድ ዓመት እንዳይገድለው ትለምነዋለች፤ መኮንኑ በ1945 ትታው የመጣችው ባሏ ቅድመ አያት ነው ብላ ስለምታምን። የኦክታቪያ በትለር ልቦለድ «ኪንድረድ»፣ በ2022 ድራማ የሆነው፣ ይብሳል። ጥቁሯ ዳና ባሪያ አሳዳሪውን ሩፈስን ደጋግማ ከሞት ታድነዋለች። እሱ ከሞተ ቅድመ አያቷ አትወለድም። እኛ ጎጃም ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን። ስንቆጥር ደጎቹን ብቻ አናገኝም፣ ስለዚህ ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ ነገር ማየት አልቻልኩም።

እነዚህን ድራማዎች የሚቃወሙም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የቻይና ብሮድካስት ተቆጣጣሪ ታሪክን መቀለጃ ያደርጋሉ ብሎ ተቃውሟል። ኮሪያ ውስጥ በ2020 «ሚስተር ኩዊን» የጆሶንን የነገሥታት ዜና መዋዕል የሚያጣጥል ንግግር ስላስገባ ተመልካች ተቆጥቶ ጣቢያው ይቅርታ ጠይቋል። ቁጣው ይገባኛል። ያ መዝገብ ንጉሡ ራሱ እንኳ እንዳያነበው የሚጠበቅ ነበር።

ጎጃም ውስጥ ድራማው ካለቀ በኋላ ወሬው ወደ ራሳችን ታሪክ መዞሩ አይቀርም። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና ንጉሥ ምኒልክ ተዋጉ፤ የጎጃሙ ንጉሥ ቆስለው ተማረኩ። ብትሄዱ ማንን ታስጠነቅቃላችሁ? የሚያልቀው በሁለቱም በኩል የእኛው ሰው ነው። ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለቱም ዓድዋ ዘምተዋል። እምባቦ ላይ አንዱ ቢሞት ዓድዋ ምን ይሆን ነበር? እኔ እዚህ ላይ አፌን እይዛለሁ።

በላይ ዘለቀ ሲነሳ ግን ማንም አፉን አይዝም። አባ ኮስትር ጣሊያንን አምስት ዓመት ተዋግቶ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በገዛ አገሩ መንግሥት ተሰቀለ። አክስቴን ያን ዕለት ጠየቅኋት፤ ብትሄጂ ትነግሪዋለሽ ወይ አልኳት። የፈሰሰውን ቡና በጨርቅ እየጠረገች ትንሽ ቆየች።

«ምን ይሰማኛል ብለሽ ነው» አለች። «ግን እነግረዋለሁ።»