«ምን በልቶ ነው ስኳር የያዘው?»

ባለፈው ሳምንት ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በታክሲ እየመጣሁ ነበር። ሁለት ሰዎች ስለ ጎረቤታቸው ያወራሉ። ጎረቤትየዋ ጉልት ቸርቻሪ ናት። ደም ግፊት አለብሽ ተብላ መድኃኒት ታዞላታል። «ምን በልታ?» አለ አንደኛው። «እሱ እኮ የሀብታም በሽታ ነው። ተሳስተው ነው የሚሆነው።» ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ መውረጃዬ ቀደመኝ።

ጎንደር ውስጥ በስኳር፣ በደም ግፊትና በልብ ክትትል ክፍል በነርስነት 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ይህን አባባል ያልሰማሁበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። ከታማሚ እሰማዋለሁ፣ ከአስታማሚ እሰማዋለሁ። ከተማረ ሰው ስሰማው ግን እናደዳለሁ። ስለዚህ ዛሬ ልጻፈው።

«የሀብታም በሽታ ነው»

አንድ ቀን በጠዋት ኑና ወረፋችንን እዩ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እንጀራ ጋጋሪ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጣ ዘበኛ፣ ከደንቢያ በሌሊት ተነስቶ የመጣ ገበሬ ናቸው። እኛ ዘንድ ብቻም አይደለም። በዓለም ላይ እንደ ልብ፣ ስኳርና ካንሰር ባሉ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ከሚሞተው ሰው ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የሚሞተው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

አንድ ልጅ ላንሳላችሁ። ዕድሜው 20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ከደንቢያ ገጠር በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ፣ ከዚያ በመኪና አመጡት። ሱሪው እንዳይወርድ በሲባጎ ታስሯል። ትንፋሹ ይፈጥናል፣ አፉ የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ይህን ሽታ አንዴ ያወቀ ነርስ አይረሳውም። ደሙን ለካን፤ ስኳር ነው። ታላቅ ወንድሙ ተቆጣ። «ሲስተር፣ ተሳስታችኋል። ይሄ ልጅ ስኳር ቀምሶ አያውቅም። ሻይ እንኳ የሚጠጣው ገበያ ሲወጣ ነው» አለኝ።

ወንድምየው ስለ ልጁ ሕይወት የተናገረው እውነት ነው። የተሳሳተው ስለ በሽታው ነው። የስኳር በሽታ የሚይዘው ስኳር የላሰ ሰው ብቻ አይደለም። በማኅፀን ሳለና በልጅነቱ በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ ቆሽቱ በሚገባው ልክ ላያድግ ይችላል። ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ያለ፣ ኢንሱሊንን ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች የሚያስገባውን ሆርሞን የሚያመርት ዕጢ ነው፤ አንዳንዱ ሰው ጣፊያ ይለዋል። ልጁ ጎልምሶ ሥራ ሲከብድበት ያ ዕጢ የሚያስፈልገውን ኢንሱሊን ማምረት ያቅተዋል። የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ከገጠር ስለሚመጡ እንዲህ ያሉ ከሲታ ወጣቶች ለብዙ ዓመታት ጽፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 እ.ኤ.አ. ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ስኳር ራሱን ችሎ መዝግቦት ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ከዝርዝሩ አወጣው። በ2025 ባንኮክ ላይ የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ዓይነት 5» ብሎ እንደገና ዕውቅና ሰጠው። የእኛ ገበሬዎች ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት መታመማቸውን አላቆሙም።

ረሃብ የሚያሳምምበት መንገድ ይህ ነው። ድህነት ግን ሌላም መንገድ አለው። ሰው ብዙም የማያውቀው እሱን ነው።

«መቆጣት ቁስል ላይ ነው እንጂ ውስጥ የለም»

ቁስል ሲቆጣ ሁላችንም እናውቃለን። ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። ባለሙያዎች ብግነት ወይም ኢንፍላሜሽን ይሉታል። ሰውነት ጠላት ሲገባበት ጠባቂዎቹን የሚጠራበት መንገድ ነው፤ ያለ እሱ አንድ ሳምንት አንኖርም። ጠላቱ ሲጠፋ ቁጣው መብረድ አለበት።

ችግሩ ያልበረደ ጊዜ ነው። እናቶቻችን ማታ እሳት ሲያዳፍኑ አይታችኋል? ከላይ አመድ ነው። እጅ ቢያስጠጉበት እንኳ ብዙም አይፋጅም። ጠዋት ገለጥ ሲያደርጉት ግን ፍሙ እንዳለ ነው። በየቀኑ ጭስ የሚስብ ሳንባ፣ ለዓመታት የበሰበሰ ጥርስና የሚደማ ድድ፣ እየመላለሰ የሚይዝ ኢንፌክሽን፣ እንቅልፍ የማይገኝበት ሌሊት፣ እነዚህ ሁሉ እንዲህ ያለ የተዳፈነ እሳት ሰውነት ውስጥ ያስቀምጣሉ። ሰውየው ትኩሳት የለውም። አላበጠም። ጉበቱ ግን የውስጥ ቁጣ ምልክት የሆነውን ሲአርፒ የሚባለውን ፕሮቲን ከወትሮው ከፍ አድርጎ ያመርታል። ይህ ፕሮቲን በ1930 እ.ኤ.አ. የተገኘ ነው፤ ዛሬ በደም ምርመራ ይለካል።

የተዳፈነው እሳት ሁለት ነገር ያበላሻል። የደም ሥርን የውስጥ ገበር ይጎዳል። ስብ እዚያ ይገባና ይጋገራል፣ ሥሩ ይጠባል፣ አንድ ቀን ልብ ወይም አንጎል ላይ ይደፈናል። ሁለተኛ፣ ሴሎች የኢንሱሊንን ጥሪ እንዳይሰሙ ያደርጋል። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ስኳሩ ከፍ ሲል ደግሞ ድዱ የባሰ ይቆጣል። ድድና ስኳር አንዱ ሌላውን ይጎትታል። ስለዚህ የክትትል ታካሚዎቼን አፋችሁን ክፈቱ እላለሁ። ብዙዎቹ «ሲስተር፣ ለስኳር ነው የመጣሁት» ይሉኛል። አውቃለሁ፤ ክፈቱ። የጥርስ ሳሙና መግዛት ያቃተው ሰው መፋቂያውን አይናቅ፤ በደንብ ከተፋቀበት ሥራውን ይሠራል።

አሁን የተዳፈነውን እሳት የሚያቀጣጥሉትን ነገሮች እንደገና ቁጠሯቸው። የትኛው ነው ሀብታም ቤት የሚበዛው?

«ጭስ የለመደውን አይጎዳም»

ይጎዳል። ዓይን ማልቀሱን ያቆም ይሆናል፤ ሳንባ ግን አይለምድም። አንዲት አረቄ አውጪ እናት ነበረችኝ። 30 ዓመት ሙሉ አንድ በር ብቻ ባለው ማዕድ ቤት እሳት ስር ተቀምጣለች። አቀበት ስትወጣ ሦስቴ ታርፋለች። «ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም እኮ» አለችኝ። ሳንባዋ ግን እንደ አጫሽ ሳንባ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ሰው ገድሏል። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሞቱት በልብና በስትሮክ ነው። ደቃቁ የጭስ ብናኝ ሳንባን አልፎ ደም ሥርንም ያስቆጣልና።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ግዙ ብዬ አልጀምርም። ከተቻለ እሳቱን ውጭ አንድዱ። ካልተቻለ በበሩ ትይዩ መስኮት ክፈቱ። የደረቀ እንጨት ተጠቀሙ። ሕፃን አዝላችሁ አትጋግሩ።

«ዝሆኔ እርግማን ነው፣ በዘርም ይተላለፋል»

እርግማን አይደለም። ድግምት ተረግጦም አይመጣም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በእኛ ደጋ የሚበዛው ዓይነት የሚመጣው በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመሄድ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው የዚህ አፈር ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ ይገባል። የሊምፍ ሥሮችን፣ ማለትም ከሰውነት ክፍሎች ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ ያስቆጣል፣ በመጨረሻም ይዘጋቸዋል። በቤተሰብ ውስጥ የሚበዛው አንዳንድ ሰው ለአፈሩ ይበልጥ ተጋላጭ ሆኖ ስለሚወለድ ነው፤ ጫማ ካደረገ ግን አይይዘውም። በአገራችን ወደ 1.5 ሚሊዮን ሰው ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። ጫማ፣ ውሃና ሳሙና ይከላከሉታል። ድህነት፣ መቆጣትና የዕድሜ ልክ በሽታ እንዴት እንደሚገናኙ ለመረዳት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለኝም። እባካችሁ ልጃችሁን ከዝሆኔ ታማሚ ቤት ማጋባት አትከልክሉ።

«ቶንሲል ነው፣ ያልፋል»

ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ግን በአንዳንድ ባክቴሪያ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ካልታከመ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ሰውነት በራሱ ልብ ላይ ሊቆጣ ይችላል። የልብ በሮች ይጠባሳሉ። የሚበዛውም ብዙ ሕፃናት አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው የሚተኙበት ቤት ነው። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አይከላከልም፤ ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል። ልጁ ትኩሳት ካለውና መዋጥ ከከበደው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ልቡ አንዴ የተነካ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ አንድም እንዳያስተጓጉል።

«መቆጣት ከሆነ ማስታገሻ ልዋጥበታ»

ይሄ ያስፈራኛል። ሸክም ሲያነሳ የዋለ ሰው ለወገቡ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ በየቀኑ ይውጣል። አዎ፣ መድኃኒቱ ቁጣን ያበርዳል። ነገር ግን ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጨጓራን ያደማል። ግፊትና ስኳር ላለበት ሰው አደጋው እጥፍ ነው። የተዳፈነውን እሳትም አያጠፋውም።

ፌጦና ነጭ ሽንኩርት? ምግብ ናቸው። ብሉ። መድኃኒታችሁን አታቋርጡበት። ጠበልም እንዲሁ፤ ተጠመቁ፣ ክኒኑንም ዋጡ።

«ጭንቀት ሐሳብ ነው፣ ሥጋ አያሳምምም»

በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አንድ ጥናት አለ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞችን ነው የተከታተለው። ሁሉም ደመወዝ አላቸው፣ ሁሉም ቢሮ ይገባሉ፣ የሚራብ የለም። ሆኖም በታችኛው እርከን ያሉት፣ እንደ ተላላኪና በር ጠባቂ ያሉት፣ ከላይኞቹ አለቆች በሦስት እጥፍ ገደማ ይሞቱ ነበር። ሲጋራውና ደም ግፊቱ የልዩነቱን ከፊል ብቻ ነው ያስረዳው።

ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን አለ። ስንደነግጥ ይረጫል፤ ከሥራዎቹ አንዱ ቁጣን ማብረድ ነው። የቤት ኪራይ፣ የልጅ ጤፍ፣ የተዘጋ መንገድ እያሰበ ለዓመታት የሚደነግጥ ሰው ግን ሴሎቹ ይህን ሆርሞን መስማት ይተዋሉ። ስለዚህ ቁጣው አይበርድም። «አትጨነቂ» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ባለሙያ እንዲህ ላለች ሴት ምንም አላደረገላትም።

«ራሳቸውን ስለማይጠብቁ ነው»

ይህን የምንለው እኛ የጤና ሰዎች ነን። እኔም ብያለሁ። አንዲትን እናት «አትክልት አብዢ» ብዬ መከርኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ሲስተር፣ ቲማቲሙን ሸጬ ነው ለልጆቼ ዳቦ የምገዛው» አለችኝ። ያን ቀን ሌላ ምክር ከአፌ አልወጣም።

በ1953 እ.ኤ.አ. ደንቢያን ወባ ፈጅቷት ነበር። በቀጣዩ ዓመት የተከፈተው የጎንደር የጤና ኮሌጅ መጀመሪያ ያሠለጠነው የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነው፤ ገጠር ወርደው ቤቱን፣ ውሃውንና ጓሮውን እንዲያዩ። እኛ የእነሱ ልጆች ነን። ታካሚን ክኒን ዋጥክ ወይ ብለን ስንጠይቅ የት ትተኛለህ፣ በምን ታበስያለሽ፣ ውሃ በስንት ቀን ይመጣል ብለንም እንጠይቅ።

ታማሚዎችም እውነቱን ንገሩን። ክኒኑን ለማብቃቃት ግማሽ ግማሽ የምትውጡ ከሆነ ንገሩን፤ አንቆጣም። ብዙ ጊዜ ርካሽ ምትክ አለ። የጤና መድህን ያልገባችሁ በምዝገባው ወቅት ቀበሌያችሁ ሂዱ፤ የዕድሜ ልክ ሕመም ላለበት ቤት የመጀመሪያው ወጪ ይህ ይሁን። ጨው ቀንሱ፤ ይህ ገንዘብ አያስወጣም። በቀን ለአንድ ሰው ከአንድ የሻይ ማንኪያ መብለጥ የለበትም፣ በርበሬው ውስጥ ያለውም ተቆጥሮ።

ያ ከደንቢያ የመጣው ልጅ አሁን ቀጠሮ አያሳልፍም። ኢንሱሊኑን የት ታስቀምጣለህ ብዬ ጠይቄው ነበር። መብራት የለም፣ ፍሪጅ የለም። ትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገው፣ አሸዋው ውስጥ ትንሽ ገንቦ ቀብረው፣ ጠርሙሷን በላስቲክ ጠቅልለው እዚያ ያኖሯታል። ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይከደናል። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ የሚያጠጣው ያ «ተሳስታችኋል» ያለኝ ወንድሙ ነው።