«እጁን ያዙልኝ» አትበሉኝ

ሐዋሳ ውስጥ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈኝ። መስከረም በጠባ ቁጥር ወላጆች ያንኑ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። ዘንድሮ ጽፌ ልገላገል።

«እርግማን ነው።» አይደለም። ማጅራት ገትር፣ ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግል፣ በእርግዝና ጊዜ የያዘ ሩቤላ፣ እንደ ጄንታማይሲን ያለ መድኃኒት ወይም ዘር ሊሆን ይችላል።

«ስናጨበጭብ ይዞራል፤ እያወቀ ነው የሚተኛብን።» ጥላችሁን አይቶ ይሆናል። ወፍራም ድምፅ የሚሰማ ልጅም «ሰ» እና «ፈ» ላይሰሙት ይችላሉ። የድስት ክዳን መምታት ምርመራ አይደለም፤ በመሣሪያ አስመርምሩት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ «የምልክት ቋንቋ ከለመደ ሰንፎ መናገር ይተዋል» ወደሚባለው። በ1880 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ መስማት የተሳናቸው ትምህርት በሚመክረው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ጣሊያን ሚላን የተሰበሰቡ፣ አብዛኞቹ የሚሰሙ መምህራን ይህንኑ ብለው የምልክት ቋንቋን ከክፍል አስወጡት። ያው ጉባኤ በዚያው አቆጣጠር በ2010 ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ውሳኔውን ውድቅ አድርጎ መጸጸቱን ገለጸ። እኛ ዘንድ ግን የሚላኑ ስብሰባ ገና አልተበተነም።

እዚሁ ከተማ ቤቱ ሲዳምኛ፣ ጎረቤት ወላይትኛ፣ ገበያ አማርኛ የሚናገር ልጅ ሞልቷል። አንዱ ሌላውን ያጠፋበታል ብሎ የሰጋ ወላጅ አላየሁም። ስጋቱ እጅ ላይ ሲደርስ ብቻ ከየት መጣ? «ከንፈር ያነባል» ለምትሉኝም፣ መስታወት ፊት ቆማችሁ ድምፅ ሳታወጡ ጠባ፣ ጠማ፣ ደማ በሉና ልዩነቱን አሳዩኝ።

አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጥ አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጇን ይዛ መጥታ፣ «መምህር፣ እጁን ያዙልኝ፤ እጁ ሲታሰር አፉ ይፈታል» አለችኝ። ቅዳሜ ዓሣ ልገዛ ወረድኩ። ልጁ ሁለት ጣቱን እንደ ጢም ከንፈሩ ላይ ሰክቶ ያወዛውዛል፤ አምባዛ ማለቱ ነው። እሷም ቢላዋዋን ሳታስቀምጥ ዋጋውን በግራ እጇ ጣቶች ትነግረዋለች። ቀኑን ሙሉ በእጇ ስታወራ ውላ ነው እንግዲህ እጁን ያዙ የምትለኝ!

ችግሩ ሁለቱ የፈጠሩት ምልክት ከዓሣና ከብር አያልፍም። ትናንት፣ ነገ፣ ለምን የሚባል የለበትም። አባቱ ለሥራ ዲላ ሲሄድ የት እንደሄደ የሚነግረው ጠፍቶ ልጁ በር በር ሲያይ ሰነበተ።

እኛ ዘንድ በጣት ፊደል ጀመረ። የፊደሉን ዘር የእጅ ቅርፅ ያሳያል፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባቱን ድምፆች እንቅስቃሴው ይለያቸዋል። በዓመቱ እናቱ ተመልሳ መጣች። «‹ለምን› ማለቱ ገብቶኛል፤ መልሱን በእጄ እንዴት ልበለው?» አለችኝ። አሁን ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ትማራለች። ልጁ «እማ» ማለትም ጀምሯል፤ እጁን ማንም አላሰረውም።

«ማዳመጫ ገዝተንለታል፤ በቃ።» አልበቃም። ማዳመጫ ድምፅ ያጎላል፤ የክፍሉን ጫጫታም አብሮ ያጎላል። ልጁ ሲያድግ ጆሮው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ይላላል፤ መሣሪያው ማፏጨት ካበዛ ፕላስቲኩን አስለውጡ። ማታ የባትሪውን ክዳን ከፍታችሁ አሳድሩት። ያለቀውንም ባትሪ ሜዳ ላይ አትጣሉ። ሕፃን ከዋጠው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት ሩጡ።