ፍላት ሬት ምንድን ነው? «በሰዓት 30 ዶላር» ሲባል የትኛው ሰዓት ነው?

አሜሪካ ውስጥ አንድ ጋራዥ ለመካኒክ «በሰዓት 30 ዶላር፣ ፍላት ሬት» ብሎ ሥራ ሲያቀርብ፣ የሚቆጠረው ሰው የዋለበት ሰዓት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ጥገና አስቀድሞ የተተመነለት ሰዓት ነው። መካኒኩ 9 ሰዓት ሙሉ ጋራዡ ውስጥ ውሎ የጨረሳቸው ሥራዎች ተመን 6 ሰዓት ቢሆን፣ የሚከፈለው የ6 ሰዓት ነው። በዚያው ቀን የ11 ሰዓት ተመን ያላቸውን ሥራዎች ከጨረሰ ደግሞ የ11 ሰዓት ያገኛል። በሙያው ቋንቋ ያስቆጠረው ሰዓት «ፍላግ» ይባላል።

አገር ቤት ከምናውቀው የቁርጥ ሥራ ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም። በቁርጥ ሥራ መካኒኩ መጀመሪያ ከሥር ገብቶ ያያል፤ ብሎኑ ከዛገ፣ ሌላ ሰው ነካክቶት ከሆነ፣ ዋጋው ላይ ይነጋገራል። በፍላት ሬት መኪናዋ ገና በር ላይ ሳትደርስ ሰዓቷ ተወስኗል። ደንበኛ ለሚከፍልበት ሥራ ተመኑ የሚወጣው «ሚቸል» እና «ሞተር» እንደሚባሉት ካሉ የሰዓት ማውጫዎች ነው። ዋራንቲ ላይ ላለች መኪና ግን ተመኑን የሚያወጣው ራሱ አምራቹ ነው፤ ለአንድ ዓይነት ሥራ ከማውጫው ያነሰ ሰዓት መስጠቱም የተለመደ ነው። ሰዓቱ በአስረኛ ይከፋፈላል፤ 0.1 ማለት 6 ደቂቃ ነው።

ጉዳቱ የት እንደሚመጣ ለማየት የፊት ፍሬን ሸራና ዲስክ መቀየርን እንውሰድ። ማውጫው 1.4 ሰዓት ሰጠ እንበል። መኪናዋ ንጹሕ ከሆነች ልምድ ያለው ሰው በ50 ደቂቃ ይጨርሳታል፤ ትርፉ የእሱ ነው። ክረምት በጨው መንገድ ስትሄድ የኖረች ከሆነች ግን የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) መያዣ ብሎን ከቤቱ ጋር ተጣብቋል። ዘይት ነፍቶ መጠበቅ፣ በእሳት ማሞቅ፣ ከተበጠሰም በመሰርሰሪያ አውጥቶ ጥርሱን እንደገና ማውጣት ይመጣል። 3 ሰዓት ይሄዳል፣ የሚጻፈው ያው 1.4 ነው። ብዙ ጋራዥ ደንበኛውን አስፈቅዶ ለዝገት ተጨማሪ ሰዓት ያስከፍላል፤ ነገር ግን መካኒኩ ብሎኑን ከመበጠሱ በፊት ለሰርቪስ አማካሪው፣ ማለትም ከደንበኛው ጋር ለሚነጋገረው ሠራተኛ፣ ካልተናገረ ያንን ሰዓት ማግኘት ይከብዳል።

ከዚህም የሚብሰው ብልሽት ፍለጋ ነው። ባትሪዋ አድሮ የሚሞት መኪና ገባች እንበል። አሚተር (የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ) በባትሪው መስመር ላይ ከታሰረ በኋላ ኮምፒውተሮቿ እስኪተኙ ከ20 እስከ 45 ደቂቃ መጠበቅ ግድ ነው። ከዚያ ንባቡ ከ50 ሚሊ አምፒር በታች ካልወረደ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መፈተሽ ይጀመራል። አንድ ሰው ሳያውቅ በር ከከፈተ ሁሉም ይነቃና ጥበቃው እንደገና ከዜሮ ነው። ለዚህ ሁሉ 1.0 ሰዓት ብቻ የሚሰጥ ጋራዥ አለ። ኤሌክትሪክ የሚችለው ሰው ከባዱ ሥራ ሁሉ እየተጣለበት፣ ጎማና ፍሬን ከሚቀያይረው ያነሰ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ጎበዝ ሰዎችን ከሙያው የሚያስወጣውም አንዱ ይህ ነው።

ሂሳቡን በሳምንት እንየው። 45 ሰዓት የዋለ ሰው 50 ሰዓት ካስቆጠረ 1500 ዶላር ነው፤ ለዋለበት ሰዓት ሲካፈል 33.33 ይደርሳል። 32 ካስቆጠረ 960 ዶላር፣ በሰዓት 21.33። ገበያ ቀዝቅዞ ወይም ዕቃ ዘግይቶ 20 ብቻ ካስቆጠረ 600 ዶላር፣ በሰዓት 13.33 ነው። እዚህ ላይ ሕግ ይገባል። ፍላት ሬትም ቢሆን የሳምንቱ ክፍያ ለዋሉበት ሰዓት ሲካፈል ከዝቅተኛው ደመወዝ መውረድ አይችልም። ሜሪላንድ ውስጥ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛው 15 ዶላር ስለሆነ፣ ለ45 ሰዓት ቢያንስ 675 ይገባል፤ አሠሪው 75 ዶላር መጨመር አለበት። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከዚያም ከፍ ያለ ዝቅተኛ ደመወዝ አለው።

የትርፍ ሰዓት ጉዳይ እንደ ቦታው ይለያያል። በፌዴራል ሕግ የመኪና ሻጭ ዲለር ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ከ40 ሰዓት በላይ ላለው የአንድ ተኩል ክፍያ መብት የለውም። መኪና የማይሸጥ ጋራዥ ግን በቀጥታ ነፃ አይደለም፤ የአንድ ተኩሉን ክፍያ ላለመክፈል የመካኒኩ የሳምንት ገቢ በዋሉበት ሰዓት ሲሰላ ከፌዴራሉ 7.25 ዶላር አንድ ተኩል እጥፍ መብለጥ፣ ከገቢውም ከግማሽ በላይ በኮሚሽን መልክ የመጣ መሆን አለበት። ፍላት ሬት እንደ ኮሚሽን ሊቆጠር ይችላል። ካሊፎርኒያ ጠበቅ ያለ ሕግ አላት፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ መጠን የሚከፈለው ሰው ለዕረፍቱና ሥራ ለሚጠብቅበት ጊዜ ለብቻው እንዲከፈለው ታዛለች።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት «በሰዓት ስንት?» ከሚለው ይልቅ «እዚህ ያሉት መካኒኮች ባለፈው ወር በአማካይ ስንት ሰዓት አስቆጠሩ?» ብለው ይጠይቁ። ሥራ የሚያከፋፍለው ማን ነው? ብልሽት ፍለጋ ለብቻው ይከፈላል? ሥራ ባይኖርም የሚከፈል የዋስትና ሰዓት፣ ለምሳሌ በሳምንት 30፣ አለ? ስንት ሊፍት (መኪና ማንሻ) ይደርስዎታል? አንድ ብቻ ከሆነ ዕቃ የምትጠብቅ መኪና ላዩ ላይ ቆማ ቀንዎን ትበላለች። የእጅ መሣሪያውን በአብዛኛው መካኒኩ ራሱ ነው የሚገዛው፤ ወጪው በሺዎች ስለሚቆጠር እሱንም ሂሳብ ውስጥ ያስገቡ።

ተጠግና በዚያው ብልሽት ተመልሳ የመጣችን መኪና መካኒኩ ያለ ክፍያ እንደገና ይሠራታል፤ አንዳንድ ጋራዥ ቀድሞ የከፈለውን ሰዓትም ይቆርጥበታል። ብልሽቱ የዕቃው ይሁን የእጅ በጽሑፍ እንዲለይ ያድርጉ።

የክፍያው ወረቀት በ1099፣ ማለትም ተቀጣሪ ላልሆነ ኮንትራክተር በሚሰጠው የግብር ቅጽ፣ እንደሚሆን ከተነገረዎት ደግሞ ይጠንቀቁ። አሠሪው ሰዓትዎን እየወሰነና ሥራውን እየመደበ ተቀጣሪ አይደለህም ሊልዎት አይገባም፤ በ1099 የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ግብር ከ7.65 ወደ 15.3 በመቶ ከፍ ብሎ በእርስዎ ላይ ይወድቃል።

በየቀኑ በትንሽ ደብተር የሥራ ትዕዛዙን ቁጥር፣ የተሠራውን፣ የተሰጠውን ሰዓት፣ የገቡበትንና የወጡበትን ይጻፉ። ቼክ ሲመጣ ከደብተሩ ጋር ያመሳክሩ፤ 0.3 ወይም 0.5 የጎደለ ሲገኝ በዚያው ሳምንት ይጠይቁ።