ሐኪሞችን በመነጽር ማሰልጠን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐኪሞች በኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ ማለትም በምናየው ነገር ላይ ምስል በሚጨምር መነጽር፣ ለድንገተኛ ሕክምና ይሰለጥናሉ ሲባል አንዳንዱ ጌም ይመስለዋል፤ ሌላው ተአምር ይጠብቃል። የሁለቱም ግምት ልክ አይደለም።

«ያው ቨርቹዋል ሪያሊቲ ነው»

አይደለም። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ዓይንን ሸፍኖ ሌላ ዓለም ውስጥ ይከታል። ኦግመንትድ ሪያሊቲ ግን ያለንበትን ክፍል እንዳለ ትቶ ምስል ይጨምርበታል። እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ የሚገኘው አደንብሩክስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2022 የጀመረውን እንይ። ሰልጣኞቹ ሆሎሌንስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት መነጽር ያደርጋሉ። አስም የተነሳበት በሽተኛ በሆሎግራም፣ ማለትም እውነተኛ በሚመስል የብርሃን ምስል፣ ፊታቸው ይመጣል። እርስ በርሳቸውም ይተያያሉ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ማንም ብቻውን ስለማይሰራ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

«እጅ ያፍታታል»

እዚህ ላይ ነው ብዙው ሰው የሚሳሳተው። ሆሎግራም አካል የለውም፤ ቢነኩት እጅ ያልፈዋል። ልቡ የቆመ አዋቂ ደረቱ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር፣ ግን ከ6 ሳይበልጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን አለበት። ይህን ለመልመድ መልሶ የሚገፋ ነገር ያስፈልጋል። ለዚያ የኖርዌዩ ኩባንያ ሌርዳል እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚሰራት የፕላስቲክ አሻንጉሊት፣ ሪሰሲ አን፣ ዛሬም አላረጀችም። ምስሉን አሻንጉሊት ላይ ደርቦ ማሳየትም ይቻላል፤ እኔን ከጠየቃችሁኝ የሚያዋጣው እሱ ነው።

«መነጽሩ ራሱ ያስተምራል»

የሚያስተምረው ሰው ነው። ከባድ አለርጂ የያዘው የሆሎግራም በሽተኛ ለሦስት ሰልጣኞች ቀርቧል እንበል። ከንፈሩ አብጧል፣ ቆዳው ሽፍ ብሏል፣ ሲተነፍስ ያፏጫል። አሰልጣኙ ዳር ቆሞ የደም ግፊቱን ያወርደዋል። አንዱ ሰልጣኝ «አድሬናሊን ይሰጠው!» ይላል። ማን ይስጠው? ሦስቱም እርስ በርስ ይተያያሉ። ሌላው ደግሞ የአለርጂ መድኃኒትና ስቴሮይድ ማዘዝ ላይ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ የአድሬናሊንን ቦታ አይተኩም። መቅደም ያለበት ለአዋቂ 0.5 ሚሊግራም አድሬናሊን፣ ጭኑ ጡንቻ ላይ፣ ከጎን በኩል ነው።

መነጽሩ ሲወልቅ ነው ትምህርቱ የሚጀምረው። አሰልጣኙ ቁጭ አድርጎ ይጠይቃቸዋል፦ መጀመሪያ ምን አያችሁ? ለምን ዘገያችሁ? ትእዛዙን በስም ጠርታችሁ ለምን አልሰጣችሁም? የታዘዘውስ ለምን መልሶ አልደገመውም? ይህ ውይይት ከተዘለለ ልምምዱ ትርኢት ሆኖ ይቀራል። ደግነቱ ውይይቱ ምንም መሣሪያ አይፈልግም፤ መነጽር ለመግዛት አቅም የሌለው ትምህርት ቤትም ነገ ሊጀምረው ይችላል።

«በሽተኛ ላይ መማር ቀረ»

አልቀረም። የሚቀንሰው ሰው ላይ የሚሰራው የመጀመሪያ ስህተት ነው።

«አንዴ ከተገዛ አለቀ»

ሆሎሌንስ 2 እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ ዋጋው 3,500 ዶላር ነበር። በ2024 ማይክሮሶፍት ማምረቱን አቆመ፤ የደህንነት ማሻሻያ የሚልከውም እስከ 2027 መጨረሻ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢ ከመነጽሩ በፊት ስለ ትምህርቱ ይጠይቅ፦ ሌላ መሣሪያ ላይ ይሰራል? አዲስ የበሽተኛ ታሪክ ለመጨመር ስንት ያስከፍላል? ሲበላሽ ማን ይጠግናል? ሻጩ እዚህ ላይ ከተንተባተበ ገንዘቡን ለአሻንጉሊትና ለአሰልጣኝ ማዋል ይሻላል።