አልፋ-ጋል ምንድን ነው? ከሰላጣ ድሬሲንግስ ምን አገናኘው?

አልፋ-ጋል የስኳር ዓይነት ነው። በላም፣ በበግ፣ በፍየል፣ በአሳማ፣ ባጠቃላይ በአብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ሰውነት ውስጥ ይገኛል። ሰው የለውም፤ ዶሮና ዓሣም የላቸውም። አንዳንድ የመዥገር ዝርያዎች ሰውን ሲነክሱ ይህን ስኳር በምራቃቸው ያስገቡታል። የሰውነት መከላከያም እንደ ጠላት ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ቀይ ሥጋ፣ በአንዳንዶች ደግሞ ወተትና ጄላቲን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ማርጊያ) ጣጣ ያመጣሉ፦ ሽፍታ፣ ማሳከክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ሲብስም የትንፋሽ ማጠር።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሰዓቱ ነው። ብዙው የምግብ አለርጂ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ይሄኛው ከ2 እስከ 6 ሰዓት ይቆያል። እራት ላይ የተበላው እኩለ ሌሊት ላይ ይቀሰቅሳል። ሥጋ ያቆመ ሰው እንደገና ሲያመው ታዲያ ሰላጣውን ማን ይጠረጥራል?

ቅጠሉማ ምንም የለበትም። መታየት ያለበት ድሬሲንጉ፣ ማለትም ሰላጣው ላይ የሚፈሰው ማጣፈጫ ነው። ራንች የሚባለው ድሬሲንግ አብዛኛውን ጊዜ አሬራ አለበት። ብሉ ቺዝ ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ቺዝ አይብ ነው። ሲዛር በሚባለው ድሬሲንግ ውስጥ ያሉት ዓሣና እንቁላል ችግር የለባቸውም፤ ፓርሜዛን የሚባለው አይብ ግን የላም ወተት ነው። ማዮኔዝን ብዙ ሰው ወተት ያለበት ይመስለዋል፤ መሠረቱ ግን እንቁላል፣ ዘይትና አቼቶ ነው። ደግሞ ወተት ሁሉንም ታማሚ አያምም፤ ብዙዎቹ ይችሉታል። የራስን ልክ ከአለርጂ ሐኪም ጋር መለየት ነው።

ወተትስ ጠርሙሱ ላይ ካለው ጽሑፍ በቀላሉ ይለያል። በአሜሪካ ሕግ ወተት ካለ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው። የግድ ከሚገለጹት 9 ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች ውስጥ ግን አልፋ-ጋል የለም። ስለዚህ ጠርሙሱ ላይ «ናቹራል ፍሌቨር» (የተፈጥሮ ማጣፈጫ) ተብሎ ከተጻፈ ምንጩ ዕፅዋትም እንስሳም ሊሆን ይችላል። እኔ ይህ ክፍተት መዘጋት አለበት ባይ ነኝ፤ ሰው የሚበላውን የማወቅ መብት አለው።

«ቪጋን» (ከእንስሳት የተገኘ ነገር የሌለበት) የሚለው ጽሑፍ ብዙ ያግዛል። ግን ካራጂናንን አያስቀርም። ካራጂናን ድሬሲንግ ለማወፈር የሚጨመር፣ ከቀይ የባሕር አልጌ የሚሠራ ነገር ነው። ዕፅዋት መሰል ቢሆንም አንዳንድ የአልፋ-ጋል ታማሚዎችን ያማል። «ከወተት ነፃ» የሚለውም ስለ ቤከን (የአሳማ ሥጋ) እና ስለ ጄላቲን የሚለው ነገር የለም።

አምራቹ ጋ ስትደውሉ «አለርጂ የሚያመጣ ነገር አለበት?» ብላችሁ አትጠይቁ። እነዚያኑ 9ኙን አይተው «የለም» ይሏችኋል። ይልቅ «ጣዕም ማጣፈጫው፣ ግሊሰሪኑ ወይም ጄላቲኑ ከላም፣ ከአሳማ ወይም ከሌላ አጥቢ እንስሳ የመጣ ነው?» በሉ። አጥጋቢ መልስ ካጣችሁ ጠርሙሱን ተዉት። ሦስት እጅ የወይራ ዘይት፣ አንድ እጅ አቼቶ፣ ትንሽ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ መትታችሁ ብታፈሱበት ይበቃል።