የተሰበረ የእግረኛ መንገድ፦ ካውንስል ካሳ የማይከፍለው መቼ ነው?

በእንግሊዝ የ1980 (እ.ኤ.አ.) የመንገዶች ሕግ አንቀጽ 41 ካውንስልን፣ ማለትም የአካባቢውን አስተዳደር፣ መንገድ እንዲጠግን ያስገድዳል። ሰው የሚደናገረው በአንቀጽ 58 ነው። ካውንስሉ በተገቢው ጊዜ ሲፈትሽ እንደነበርና ጉድለቱን ሊያውቅ እንዳልቻለ ካስረዳ፣ ወድቀው እግርዎ ቢሰበርም ከካሳ ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ጉድጓድ ሲያዩ፣ ማንም ሳይጎዳ በፊት ያመልክቱ፤ የተመዘገበ አቤቱታ እያለ «አላወቅንም» ማለት ይከብዳል። የማመልከቻ ቁጥሩንም ያስቀምጡ።

ብዙ ካውንስሎች ጉድለትን ለመጠገን በእግረኛ መንገድ ከ20 እስከ 25፣ በመኪና መንገድ 40 ሚሊ ሜትር ያህል ጥልቀት እንዲኖረው ይጠብቃሉ። ይህ ልኬት የራሳቸው መመሪያ እንጂ ሕጉ ውስጥ የለም። ፎቶ ሲያነሱ በጉድጓዱ አፍ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አጋድመው ማስመሪያውን ወደ ታች ያቁሙ። ካለዚያ ጥልቀቱ አይታይም።