ኦፕን ባይት ምንድን ነው? ፍንጭት አይደለም

ሰሞኑን አንዲት እናት የ8 ዓመት ልጇን ፎቶ ላከችልኝ። "ዶክተር፣ ኦፕን ባይት አለባት ተባልኩ፤ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) ትታሰር?" ትላለች። ፎቶውን ከፍቼ አየሁት። ልጅቷ ያላት ፍንጭት ነው! ቆንጆ ፍንጭት። በዚህ ዕድሜ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም በ11 እና በ12 ዓመት አካባቢ ክራንቻዎቹ ሲወጡ ራሱ ይጠባል።

በዚህ ወር ብቻ ይህን መደናገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም፤ ስለዚህ ልጻፈው። ኦፕን ባይት ማለት ልጁ መንጋጋዎቹን ገጥሞ ሲነክስ የላይና የታች የፊት ጥርሶቹ ሳይገናኙ ሲቀሩ ነው። ክፍተቱ ያለው በላይና በታች መካከል ነው፤ ጎን ለጎን ባሉ ጥርሶች መካከል አይደለም። ገጣጣነትም ሌላ ጉዳይ ነው። አብረው ሊመጡ ይችላሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

እኛ ቤት ደግሞ ቶሎ አይታወቅም። እንጀራ በእጅ ተቆርሶ፣ ተጠቅልሎ በቀጥታ ወደ መንጋጋ ነው የሚሄደው፤ የፊት ጥርስ ሥራ የለውም። በቆሎ እሸት ስጡትና እዩት። በፊት ጥርሱ መጋጥ አቅቶት በጎን የሚግጥ ከሆነ፣ ወይም "ሰ" እና "ዘ" ሲል ምላሱ በክፍተቱ ብቅ የሚል ከሆነ፣ ለሐኪም አሳዩት። ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ግን የወተት ጥርሱ ወልቆ አዲሱ ገና ግማሽ ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ያ ክፍተት በሽታ አይደለም፤ ጥርሱ መንገድ ላይ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። አንድ ሰው "13 ዓመት እስኪሞላው ጠብቁ፣ ያኔ ብሬስ ይታሰርለታል፤ በልጅነት ማከም ገንዘብ ማባከን ነው" ብሎ ሲመክር አየሁ። ሰውየው "ሕክምና" ሲባል የሚታየው ጥርስ የሚጎትት ሽቦ ብቻ ነው። በትንሽ ልጅ ላይ ግን ዋናው ሥራችን መጎተት አይደለም፤ ጥርሶቹ እንዳይገናኙ የያዘውን ነገር ማንሳት ነው።

በር አስቡ። በሩ አልዘጋ ያለው ደፉ ላይ ጫማ ስለቀረ ነው። ጫማውን ሳያዩ አናጢ ጠርቶ በሩን ማስላግ ምን ይባላል? ጫማውን አንሱት፤ በሩ ይዘጋል። ጣት ለሚጠባ ልጅ ጣቱ ያ ጫማ ነው። ጥርስ ተቃራኒውን እስኪያገኝ ድረስ ማደጉን ይቀጥላል፣ መሀል ላይ ጣት ካለ ግን እዚያው ይቆማል። ጫማው ዓመታት ከቆየ ደግሞ በሩም መቃኑም ይጣመማል፤ ያኔ ጫማውን ማንሳት ብቻውን አይበቃም። የልጅ መንጋጋ ገና እያደገ ያለ መቃን ነው፤ ቶሎ እንይ የምንለውም ለዚህ ነው።

ወሳኙ ጉልበቱ ሳይሆን የሚቆይበት ሰዓት ነው። ቀን ላይ ለጥቂት ደቂቃ በኃይል ከሚጠባው ይልቅ ጣቱን አፉ ውስጥ አድርጎ ሌሊቱን የሚያድረው ይበልጥ ያሳስበኛል። እኔ ከአፉ በፊት እጁን ነው የማየው፤ የሚጠባው ጣት ከሌሎቹ የነጣ፣ አንዳንዴም ቆዳው የጠነከረ ነው። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ሳይወጡ ልማዱ ከቆመ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ ራሱ ይዘጋል። ጣቱ ላይ ሬት ወይም ቃሪያ መቀባት፣ ሰው ፊት ማሳፈር፣ መምታት አልወድም። ልጁ ራሱ ማቆም ከፈለገ ግን ከላይኛው ጥርሶቹ ጀርባ የምትቀመጥ ትንሽ የሽቦ አጥር አለች፤ ክሪብ እንላታለን። ጥርስ አትጎትትም። ጣቱ ሲገባ ምቾት ትነሳዋለች፣ ታስታውሰዋለች። ልማዱ ከቆመ በኋላም ጥቂት ወራት እንድትቆይ እናደርጋለን።

"ጥርሱን ምላሱ ነው የሚገፋው" የሚሉም አሉ። በቀን 1000 ጊዜ ብንውጥና አንዱ አንድ ሰከንድ ቢወስድ እንኳ ተደምሮ 20 ደቂቃ አይሞላም፤ ጥርስ ለመግፋት አይበቃም። ብዙ ጊዜ ምላስ ወደፊት የሚመጣው ሲውጥ ክፍተቱን ለመድፈን ነው፤ ክፍተቱ ቀድሞ ነበር። ሳይናገርና ሳይውጥ ቀኑን ሙሉ ምላሱ የት ነው የሚያርፈው? የኔ ጥያቄ ይሄ ነው። አፉን ከፍቶ የሚተኛና የሚያንኮራፋ ልጅ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የአፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ይየው፤ ቶንሲሉ ወይም ከአፍንጫው ጀርባ ያለው እጢ አብጦ ሊሆን ይችላል። ይህን ስል እንጥል ማስቆረጥ ማለቴ አይደለም! እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ከሕፃን ድድ "ግግ" ማስወጣት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ ግግ እየተባለ የሚወጣው ገና ያልበቀለ ክራንቻ ነው።

"13 ዓመት እስኪሞላው ጠብቁ" ያለው ሰው ልክ የሚሆንበት ቦታም አለ። አንዳንድ ልጅ ጣት ጠብቶም አያውቅም፤ ፊቱ በዘር ረዘም ብሎ ነው የሚያድገው። እዚህ በሩን የያዘው ደፉ ላይ የቀረ ጫማ ሳይሆን ማጠፊያው አጠገብ ያለ ጠጠር ነው። የኋላ መንጋጋ ጥርሶቹ በ1 ሚሊሜትር ከፍ ቢሉ ፊት ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይከፈታል። ይህ ከአጥንቱ የመጣ ነው፤ ጣት ስላቆመ አይዘጋም፣ በልጅነት ብንዘጋው እንኳ እድገቱ መልሶ ሊከፍተው ይችላል። አንዳንዱ እድገቱን እስኪጨርስ ጠብቆ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውም አለ። ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ ልጁን ሳያይ ማን ያውቃል? የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች (የጥርስ አሰላለፍ ሐኪሞች) ማኅበር ልጆች እስከ 7 ዓመታቸው አንድ ጊዜ እንዲታዩ የሚመክረው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። መታየት ማለት ደግሞ መታሰር አይደለም።

ለዚያች እናት የመለስኩላት አጭር ነው፦ "ልጅዎ አሁን ምንም አያስፈልጋትም። ክራንቻዎቿ ሲወጡ ይዘዋት ይምጡ።"